አፍ ውስጥ የቀረ መድኃኒት

ከአሰላ እስከ በቆጂ ባለው የአርሲ ደጋ አስም ያለበት ሰው ትንፋሹን የሚፈታተን ነገር አያጣም። አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በቆጂ ከዚያም ከፍ ትላለች። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በር ተዘግቶ እንጨትና ኩበት ይነዳል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከሰው ጋር ያድራል። አዝመራ ሲሰበሰብ ደግሞ የስንዴና የገብስ እብቅ ከአውድማውና ከኮምባይነሩ ኋላ እየቦነነ መንደሩን ያለብሰዋል። እንዲህ ባለ አገር የመተንፈሻ ቧንቧን መቆጣት ቀን በቀን የሚያበርድ መድኃኒት የቅንጦት ነገር አይደለም። መድኃኒቱ አለ፤ በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው፤ ሰው እንደ ሌሎቹ የአስም መርጫዎች በደፈናው «ፓፍ» ይለዋል። ከሚጠቀሙበት ሰዎች አንዳንዶቹ ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ አፋቸው ውስጥ ነጭ ነገር ያያሉ። ይደነግጡና መድኃኒቱን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ያ ነጭ ነገር የሚናገረው መድኃኒቱ መንገድ እንደሳተ ነው። መንገዱን ማቃናት ይቻላል፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ጉንጭ ውሃ፣ ትክክለኛ አሳሳብና ቢበዛ አንድ ባዶ ሃይላንድ ነው። መድኃኒቱን ማቆም ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በመጀመሪያ የሚታየውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። የአፍ ፈንገስ በምላስ፣ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ፣ በላንቃና በጉሮሮ መግቢያ ላይ ነጭ፣ ወፈር ያለ ፍርፋሪ ሆኖ ይወጣል። በንጹሕ ፋሻ ቀስ ተብሎ ሲጠረግ ይነሳል፤ ከሥሩ የቀላ፣ አንዳንዴም ደም የሚያቀር ገጽ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት በብዙ ሰው ምላስ ላይ የሚታየው ስስ ነጭ ሽፋን እንዲህ አይደለም፤ እሱን ፈንገስ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። በሌላ በኩል ነጭ ነገር ጨርሶ ሳይታይበት ምላሱ ቀልቶ የሚለበልበው፣ ወጥ ሲቀምስ በርበሬው ከወትሮው ይልቅ የሚያቃጥለው፣ የምግብ ጣዕም የሚጠፋበት ሰውም አለ፤ ይህም የፈንገሱ ሌላ መልክ ሊሆን ይችላል። የድምፅ መጎርነን ግን ብቻውን ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ስቴሮይዱ ማንቁርት ላይ በማረፉ የሚከሰት ስለሆነ ከፈንገስ ጋር አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም። የነጩ ነገር ባለቤት በአብዛኛው ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባል የእርሾ ዘር ነው። ይህ ዘር ከውጭ የመጣ ወራሪ አይደለም፤ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ምራቅ ያጥበዋል፣ የአፍ ባክቴሪያዎች ቦታ ይሻሙታል፣ በአፍ ሽፋን ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሕዋሶችም በልክ ያኖሩታል።

ታዲያ ልኩን የሚያስተው ምንድን ነው? ፓፉ ሲጫን መድኃኒቱ በከፍተኛ ፍጥነት ይወጣል። አፍ ውስጥ ገብቶ ወደ ሳንባ ለመውረድ ጉሮሮ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ፈጥኖ የሚሄደውና ጠብታው ትልቅ የሆነው መድኃኒት ግን መታጠፍ ስለማይችል ምላስን፣ ላንቃንና የጉሮሮን ግድግዳ መትቶ እዚያው ይቀራል። በተለመደው የፓፍ ዓይነት፣ ያለ ማገዣ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጭ፣ ሳንባ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው አፍና ጉሮሮ ላይ ያርፋል። ስቴሮይድ ደግሞ ሥራው የመከላከያ ሕዋሶችን ቁጣ ማብረድ ነው። ሳንባ ውስጥ ይህ ሥራው ፈውስ ነው፤ ያለ ልክ የተቆጣው የመተንፈሻ ቧንቧ ይረጋጋል፣ ይሰፋል። አፍ ላይ ግን ያው ሥራ ፈንገሱን በልክ ያኖሩትን ጠባቂዎች ያዳክማል። የአርሲ ገበሬ ይህን ነገር ከማሳው ያውቀዋል፦ ለስንዴው የረጨውን ፀረ አረም ነፋስ ወስዶ ከጎን ያለ ባቄላ ላይ ሲጥለው ባቄላው ይቃጠላል፤ ስንዴውም የሚገባውን መጠን ሳያገኝ ይቀራል። ገበሬው በዚህ ምክንያት ፀረ አረሙን አይረግምም፤ የነፋሱን አቅጣጫ ያያል፣ የመርጫውን አፍ ያስተካክላል። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ትልቅ ነው። አፍ ላይ ብዙ መድኃኒት ቀረ ማለት ብዙ ጊዜ ሳንባ የደረሰው አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ በተደጋጋሚ ፈንገስ የሚወጣበት ሰው አስሙም እንደሚገባው ላይሻለው ይችላል፤ ሁለቱም ከአንድ የአሳሳብ ስሕተት ሊመነጩ ይችላሉና።

ይህ ዛሬ የተደረሰበት ነገር አይደለም። ቤክሎሜታዞን የተባለው የሚሳብ ስቴሮይድ ለሕክምና የበቃው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዟ ደርቢ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሃሪ ሞሮው ብራውንና ባልደረቦቻቸው፣ ለዓመታት የስቴሮይድ ክኒን ሲውጡ ከኖሩ የአስም ታማሚዎች ብዙዎቹ በሚሳበው መድኃኒት አማካይነት ከክኒኑ ሊላቀቁ እንደቻሉ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። የአፍና የጉሮሮ ፈንገስ ወሬም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በካናዳ የዶክተር ቱጉድ ቡድን ሁለት ነገሮችን አሳየ፤ አንደኛ፣ ፈንገሱ የሚበረታው ከፍተኛ መጠን በሚወስዱትና ቀኑን ሙሉ ደጋግመው በሚስቡት ላይ ነው፤ ሁለተኛ፣ በፓፉና በአፍ መካከል ስፔሰር የሚባለው ማገዣ ሲገባ ችግሩ ይቀንሳል። እንግዲህ አደጋው በመጠን፣ በድግግሞሽና በአሳሳብ የሚወጣና የሚወርድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ዕጣ ፈንታ አይባልም፤ ሰው ሊቆጣጠረው የሚችለው ነው።

«ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ እሸከማለሁ? ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሰማያዊውን ፓፍ እስባለሁ፣ ሲብስ ክኒን እውጣለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው የዋዛ አይደለም፤ ሰማያዊው ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ያስተነፍሳል፣ ስቴሮይዱ ግን ለዛሬ ምንም ያደረገ አይመስልም። ሆኖም ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል እንጂ መቆጣቱን አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ፣ በካናዳ ሳስካቸዋን ግዛት የተደረገ ጥናት፣ አንድ ታማሚ በዓመት ውስጥ በተጠቀመው በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሙሉ የስቴሮይድ መርጫ በአስም የመሞት ዕድሉ በ21 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የአስምን ሕክምና በዓለም ደረጃ የሚመራው ጊና የተባለው አካልም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ መምከሩን አቁሟል። የክኒኑን ነገር ደግሞ በቁጥር እንየው። አንድ ባለ 5 ሚሊግራም የፕሬድኒሶሎን ክኒን 5,000 ማይክሮግራም ነው፤ ዝቅተኛው የቤክሎሜታዞን የቀን መጠን ግን ለአዋቂ ከ200 እስከ 500 ማይክሮግራም ነው። የሁለቱ ጉልበት በክብደት ብቻ ባይለካም፣ ክኒኑ በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ያዳርሳል፤ ሲደጋገም ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅምን ያወርዳል። የአፍ ፈንገስ ማስከተሉም አይቀርም። ፈንገሱን ፈርቶ ከፓፍ ወደ ክኒን የሚሄድ ሰው ትንሹን ጉዳት ሸሽቶ ትልቁ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ስለ ጉዳት አይደለም፤ ስለ ስም ነው። በአገራችን የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በከፋባቸው ዓመታት አፍ ላይ የሚወጣ ነጭ ነገር ከበሽታው ጋር ተያይዞ በሰው አእምሮ ተቀርጿል፤ ግንኙነቱም ከሕክምና የመጣ እውነት ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የደረጃ ክፍፍል የማይለቅ የአፍ ፈንገስ ከኤች አይ ቪ ሦስተኛ ደረጃ ምልክቶች አንዱ ነው። ስለዚህ አፉ የነጣበት ሰው ጎረቤት እንዳያየው ይሸሸጋል፣ ጤና ጣቢያ መሄድም ያሳፍረዋል። ለዚህ ስጋት ሁለት መልስ አለኝ፤ ሁለቱም አብረው መያዝ አለባቸው። በስቴሮይድ ፓፍ የመጣ ፈንገስ አካባቢያዊ ነው፤ የመላ ሰውነት መከላከያ ወደቀ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ታማሚውን በዓይን አይቶ መፍረድ ስሕተትም ግፍም ነው። በአንጻሩ «ከፓፉ ነው» ብሎ ብቻ ማለፍም አይገባም። ሰውየው አፉን በአግባቡ እየተጉመጠመጠ፣ ሕክምናም ወስዶ ፈንገሱ የሚመላለስበት ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሲውጥ ደረቱ ውስጥ የሚያመው ከሆነ፣ የኤች አይ ቪና የስኳር ምርመራ ማድረግ ብልህነት ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ማወቅ ወደ ሕክምና የሚወስድ መንገድ ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለበትና መድኃኒት የጀመረ አስመኛ ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር አለበት፤ ሪቶናቪር የሚባለው መድኃኒት እንደ ፍሉቲካዞንና ቡደሶናይድ ያሉትን ስቴሮይዶች በሰውነት ውስጥ እንዲከማቹ ስለሚያደርግ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ሊመርጥለት ይገባል።

ወደ መከላከያው እንምጣ። የመጀመሪያው ውሃ ነው። ፓፉ እንደተሳበ ወዲያው አንድ ጉንጭ ውሃ ተይዞ አፍ በደንብ ይጉመጠመጣል፣ አንገት ቀና ተደርጎ ጉሮሮም ይታጠባል፣ ከዚያ ይተፋል፤ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ውሃው መዋጥ የለበትም፤ የቀረው መድኃኒት በሆድ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ነውና። ጊዜው ወሳኝ ነው፦ በመሳብና በመጉመጥመጥ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ታጥቦ የሚወጣው መድኃኒት እንደሚያንስ በጃፓን የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ሰው ከመርሳት የሚድነው አዲስ ልማድ በመፍጠር ብቻ አይደለም፤ ያለውን ልማድ በመጠቀምም ነው። የአርሲ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ውዱእ ሲያደርግ አፉን ይጉመጠመጣል። ጠዋትና ማታ የሚሳበውን ፓፍ ከውዱእ በፊት ማድረግ ማለት እንግዲህ እጥበቱ ከአምልኮው ጋር በማይረሳ ሁኔታ ተቆራኘ ማለት ነው። በረመዳን የሱሁርና የኢፍጣር ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ለሚወሰደው መድኃኒት ይመቻል። ለሌላውም ሰው መፋቂያና የእጅ ማስታጠቢያ አለ፤ ፓፉ ጠዋት ከመፋቂያ በፊት፣ ማታ ደግሞ ውሃ ቀርቦ እጅ ከመታጠቡ በፊት ሊሳብ ይችላል። መትፋት የማይችል ሕፃን ከፓፉ በኋላ ውሃ ይጠጣ ወይም አፉ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ በጭንብል የሚወስድ ከሆነ ፊቱም ይታጠብ።

መጉመጥመጥ ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አልፈልግም። ውሃው ምላስና ጉንጭን እንደሚያጥበው የጉሮሮን ጥልቅ ክፍል አያጥብም፤ አዘውትረው የሚጉመጠመጡ ሰዎችም አንዳንዴ ፈንገስ ይወጣባቸዋል። ሁለተኛው መከላከያ ለዚህ ያስፈልጋል፦ መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ አፍ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ። ስፔሰር ይህን ያደርጋል፤ የሚረጨው መድኃኒት በባዶው ዕቃ ውስጥ ፍጥነቱን ያጣል፣ ትልልቁ ጠብታ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ወደ ሳንባ ይሳባል። «ስፔሰር ከየት ይምጣ?» ለሚለው መልሱ ከአፍሪካ መጥቷል። በኬፕ ታውን ፕሮፌሰር ሄዘር ዛርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት ባሳተሙት ጥናት፣ አስም የተነሳባቸው ሕፃናት የትንፋሽ ማስፊያ መድኃኒታቸውን በባለ 500 ሚሊሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲወስዱ ከፋብሪካ ስፔሰር ያልተናነሰ ውጤት አግኝተዋል። ጥናቱ የተደረገው በማስፊያው መድኃኒት ላይ እንጂ በስቴሮይዱ ላይ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል፤ ትልልቁን ጠብታ የሚያስቀረው አሠራር ግን ለሁለቱም አንድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል፤ ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ ተጣጥፎ በእሳት ግሎ የሃይላንዱ ታች ይበሳል፤ ፓፉ ቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገባል፣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ሳይወለወል የሚደርቀው ጨርቅ ሲያሸው የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ስለሚስብ ነው። ከዚያ ፓፉ ይነቀነቃል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ የሃይላንዱ አፍ በከንፈር ይያዛል፣ አንዴ ይጫናል፣ ቀስ ተብሎ በጥልቀት ይሳባል፣ ትንፋሽ አሥር እስኪቆጠር ይያዛል። ሁለት ከታዘዘ ሁለተኛው ለብቻው እንደገና ይሳባል። የዱቄት መሳቢያ ግን ከስፔሰር ጋር አይሄድም፤ ለእሱ ያለው መጉመጥመጥ ነው።

ሦስተኛው መከላከያ ፈንገሱን የሚረዱትን ነገሮች መቀነስ ነው። ሳል በመጣ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ሁለት ጥፋት አለው፤ አብዛኛው የአስም ማገርሸት በባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም፣ አንቲባዮቲኩ ደግሞ ከፈንገሱ ጋር ቦታ የሚሻሙትን የአፍ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ያልተያዘ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ማታ የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስና አፍ የሚያደርቅ ነገር ሁሉ እንዲሁ መንገድ ይከፍታሉ፤ ጫት አፍ ስለሚያደርቅ ከዚህ ይመደባል። የመድኃኒቱም መጠን ከሚያስፈልገው በላይ መቆየት የለበትም፤ አስሙ ለሦስት ወር ያህል ጸጥ ካለ ሐኪም መጠኑን ደረጃ በደረጃ ሊቀንሰው ይችላል። ይህን ውሳኔ ታማሚው ለብቻው መውሰድ የለበትም፤ ሐኪሙም መጠኑ መከለስ እንዳለበት ታማሚው እስኪጠይቀው መጠበቅ የለበትም።

ፈንገሱ ከወጣ ሕክምናው አስቸጋሪ አይደለም። ኒስታቲን የተባለው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አራት ጊዜ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል፤ አፍ ውስጥ የቻሉትን ያህል ቆይቶ፣ ሁሉም ቦታ እንዲደርስ ተደርጎ ነው የሚዋጠው። ነጩ ነገር ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ለ48 ሰዓት ይቀጥላል፤ በሦስተኛው ቀን የጠፋ መስሎ ሲታይ ማቋረጥ ፈንገሱ የሚመለስበት ዋና በር ነው። ሚኮናዞል ጄልም አለ፤ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን መድማት ሊያመጣበት ስለሚችል ለሐኪም ሳይነግር አይጠቀምበት። ለበረታው የፍሉኮናዞል እንክብል ከ7 እስከ 14 ቀን ይታዘዛል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል። ነጩን ነገር በመፋቂያ ወይም በጨው እየፈተጉ ማድማት፣ ሎሚ መጭመቅ፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ መቀባት ቁስሉን ያሰፋል እንጂ ፈንገሱን አያጠፋም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአስሙ ፓፍ ይቀጥላል። መዋጥ የሚያቅተው፣ ትኩሳት ያለው ወይም በሕክምናው የማይሻለው ሰው ግን ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከባለሙያው ወገን የሚመጣ ነው፦ በተጨናነቀ ካርድ ክፍልና በተሰለፈ ሕዝብ መሃል ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ የለም። ጊዜው ማነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የስቴሮይድ ፓፍ ሰጥቶ «ከሳብክ በኋላ ተጉመጥምጠህ ትፋ» አለማለት ትእዛዙን ግማሽ አድርጎ መስጠት ነው፤ ታማሚው ፈንገስ ይዞ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከዚያች ከአንድ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ካልተመለሰና መድኃኒቱን ካቆመ ቀጥሎ የሚመጣው ድንገተኛ ክፍል ነው። በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ በገጠሩ አርሲ ለሚኖር ሰው አይናገርም፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚነገረው የባለሙያ ቃል ነው የሚደርሰው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለባት አሰላ ብዙ ወጣት ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት፤ እነዚህ ተማሪዎች ታማሚው ፓፉን ፊታቸው እንዲስብ ማድረግን የምርመራቸው ክፍል ቢያደርጉት ልማዱን ወደሚመደቡበት ሁሉ ይዘውት ይሄዳሉ። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ሲያስረክብ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ያንኑ ቃል ቢደግሙት፣ ታማሚው ነጭ ነገር ያየ ዕለት ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል፦ አሳሳቡን ያስተካክላል፣ አፉን ያጥባል፣ ፈንገሱን ያሳክማል፣ ፓፉን ግን አያቆምም።